ዋዛና ቁም ነገር፤ ኹለት ኑሮ ስለ ኖሩት ሙዚቀኞች የሲኒማ ጨዋታ

በአማርኛ ዋዛ ማለት ቧልት፣ ጨዋታ፣ ከቁም ነገር የማይቈጠር ነገር ማለት ነው። በአሶሳ ምድርና ከድንበሩ ማዶ በሱዳን በሚኖሩት በበርታ ሰዎች ዘንድ ግን ዋዛ የሚባለው ከቅል እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረዥም መለከት ነው። የዚህም መለከት ሥርዓት እንዲህ ነው። መለከቱ ብዙ፣ ነፊውም ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ነፊ ተራው ሲደርስ ያችኑ የራሱን ድምፅ አሰምቶ ዝም ይላል፤ ዜማውም የሚቆመው ኹሉም በየስፍራቸው ሲገኙ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ቢጐድል ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል፤ የጐደለውም ማን እንደ ሆነ የለመደ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ማኅበር ውስጥ አንድ ሰው ኹለት ሰው ሆኖ ሊኖር አይችልም።

በሠለጠነው ከተማ ያለው ሙዚቀኛ ግን እንዲህ አይደለም። ዛሬ ከአንዱ ጋር፣ ነገ ከሌላው ጋር እየተቀጠረ ስለሚሠራ፣ ስሙንና መልኩን ቢለውጥ የሚያውቅበት ላይኖር ይችላል። በዚህ ነገር ላይ ከተሠሩት የሣቅ ፊልሞች ኹሉ ስመ ጥር የሆነው ሙሴ ቢሊ ዋይልደር የተባሉት አዘጋጅ በ1951 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆች 1959፣ በአሜሪካ ያወጡት «ሰም ላይክ ኢት ሆት» የተባለው ነው። ትርጓሜውም «አንዳንዶች ትኩሱን ይወዳሉ» ማለት ነው፤ ትኩስ የተባለውም በዚያ አገር ቋንቋ ሞቅ ያለው የጃዝ ሙዚቃ ነው። ድርሰቱን ከሙሴ ዋይልደር ጋር የጻፉት ሙሴ ዳይመንድ ናቸው። የታሪኩም መነሻ በ1935 በፈረንሳይ፣ በ1951ም በጀርመን ከተሠሩ ፊልሞች የተወሰደ ነው። በእነዚያ በቀደሙት ኹለቱ ሙዚቀኞች ልብሳቸውንና መልካቸውን የሚለውጡት እንጀራ ስላጡ ነበር፤ ዋይልደርና ዳይመንድ ግን በራብ ፋንታ ሞትን አገቡበት። የፊልሙም ብርታት ከዚህ ላይ ይጀምራል። የራበው ሰው ጭምብሉ ሲሰለቸው አውልቆ ሌላ ሥራ ሊፈልግ ይችላል፤ ገዳይ የሚከተለው ሰው ግን ጭምብሉን ያወለቀ ዕለት ነፍሱን ያጣል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ጆ ሳክስፎን ይነፋል፣ ጄሪ ትልቁን ባስ ይመታል። ኹለቱም በቺካጎ ከተማ የሚኖሩ ድኾች ሙዚቀኞች ናቸው። በ1929 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በየካቲት 14 ቀን በቺካጎ ሰባት ሰዎች በአንድ ጋራዥ ውስጥ በግንብ አቁመዋቸው መረሸናቸው በእውነት የተደረገ ነገር ነው፤ ፊልሙም ጆንና ጄሪን የዚህ ግድያ ምስክሮች ያደርጋቸዋል። ገዳዮቹም ስላዩአቸው ሊያጠፏቸው ይነሣሉ። ባልንጀሮቹ ከከተማው የሚወጡበት መንገድ ቢያጡ፣ ወደ ፍሎሪዳ ለሚሄድ የሴቶች የሙዚቃ ጓድ ሳክስፎንና ባስ የሚመቱ ኹለት ሴቶች እንደሚፈለጉ ሰምተው ነበርና የሴት ልብስ ለብሰው፣ ጆ ጆሴፊን፣ ጄሪም ዳፍኒ ተብለው በባቡር ገቡ። በባቡሩም ውስጥ ሹገር የምትባል፣ ኡኩሌሌ እየመታች የምትዘፍን ሴት አገኙ፤ እርሷንም ሆና የተጫወተችው ማሪሊን ሞንሮ ናት። ጆ እንደ ሴት ሆኖ ወዳጅነቷን ካገኘ በኋላ፣ በፍሎሪዳ የባሕር ዳር ደግሞ ሌላ ልብስ ለብሶ የባለጸጋ ልጅ ነኝ እያለ ያታልላታል። ጄሪን ግን ኦስጉድ የሚባል እውነተኛ ባለጸጋ ሽማግሌ በሴትነቱ ወድዶት ላግባሽ ይለዋል።

ይህን ታሪክ የሚያይ ሰው አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጭምብል ያደረጉት ኹለቱ ሙዚቀኞች ብቻ አይደሉም። ፊልሙ የሚከፈተው በሬሳ ማመላለሻ መኪና ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን ሬሳ ሳይሆን አረቄ ነው። ከ1920 እስከ 1933 ድረስ በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ፣ የቀብር ቤት መስሎ የሚታየው ቤት በስተ ኋላው መጠጥ ቤት ነው። በፍሎሪዳው ሆቴል ለጉባኤ የሚሰበሰቡት ነፍሰ ገዳዮችም በራቸው ላይ «የኢጣልያ ኦፔራ ወዳጆች» የሚል ጽሕፈት ሰቅለዋል። ስለዚህ ኹለቱ ሙዚቀኞች በውሸት ከተማ ውስጥ የተገኙ ኹለት ውሸተኞች ናቸው፤ ልዩነታቸውም የከተማው ውሸት ለትርፍና ለደም ሲሆን፣ የእነርሱ ውሸት በመጀመሪያው ለነፍስ መሆኑ ነው። ሙዚቃ በነፍሰ ገዳይ በር ላይ ተሰቅሎ፣ እውነተኛው ሙዚቀኛ ግን በሴት ቀሚስ ሲሸሽ ማሳየት የቧልት ሥራ ብቻ አይደለም፤ ፍርድም አለበት።

በካህናት ዘንድ ግን ከዚህ በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ወንድ የሴትን ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላል፤ ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር እያዩ መሣቅ እንዴት ይሆናል የሚል። ጥያቄው ሊናቅ የሚገባው አይደለም። በዚያው በአሜሪካ አገር እንኳ ፊልሙ የሥነ ምግባር ማኅተም ሳይሰጠው ነበር ለሕዝብ የታየው፤ ፊልሞችን ይመረምር የነበረው የካቶሊኮች ማኅበርም ብርቱ ተቃውሞ አሰምቷል። በአገራችንም ሲኒማ በአዲስ አበባ በመጀመሪያ በታየ ጊዜ ሕዝቡ ያን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚመለከተው የልብስን መለወጥ ነውና፣ ልብስን ስለ መለወጥ የሚናገሩትን ሌሎች የመጽሐፍ ታሪኮች አስተያይቶ ማየት ይገባል።

ዳዊት በገና ደርዳሪ ነበረ፤ በንጉሡም ፊት ይደረድር ነበር። ሳኦል ሊገድለው በፈለገ ጊዜ ሸሽቶ ወደ ጌት ንጉሥ ወደ አንኩስ ሄደ፤ በዚያም ቢያውቁት ፈርቶ እብድ መሰለ፣ በበሩም ሳንቃ ላይ እየጻፈ ልጋጉን በጢሙ ላይ አወረደ። ይህ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 21 ተጽፏል። እንግዲህ ሞትን ሸሽቶ ሌላ ሰው የመሰለ ሙዚቀኛ ከሆሊውድ ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ነው። ያዕቆብም በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 27 የወንድሙን ልብስ ለብሶ፣ የፍየል ጠቦት ለምድ በእጁና በአንገቱ አድርጎ በረከትን ወሰደ፤ ይህ ግን ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ ጥቅም ነበርና፣ እርሱም በፈንታው በላባ ቤት ተታለለ። ሦስተኛይቱ ደግሞ ጥር 21 ቀን በስንክሳር የምትታሰበው ቅድስት ኢላርያ ናት። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የዘይኑን ልጅ ስትሆን፣ የወንድ ልብስ ለብሳ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰች፤ የታመመች እኅቷ ለጸሎት ወደ ገዳሙ በመጣች ጊዜ እንኳ እኅትነቷን ሳትገልጥ ጸልያ ፈወሰቻት። ዳዊት መልኩን የለወጠው ከሞት ለማምለጥ፣ ያዕቆብ ለማግኘት፣ ኢላርያ ደግሞ ያላትን ለመተው ነው። የሦስቱም ሥራ በመልክ አንድ ሲሆን በልብ አሳብ ግን እጅግ ይራራቃል።

በዚህ ሚዛን ፊልሙን መመዘን ይቻላል፤ የደራሲዎቹም ብልሃት የሚታየው ሲመዘን ነው። ጆ በፊልሙ ውስጥ ኹለት ጭምብል ያደርጋል። የመጀመሪያው የሴት ልብስ የዳዊት ዓይነት ነው፤ ሞትን ፈርቶ ለብሶታል። ኹለተኛው፣ ይኸውም የባለጸጋ ልጅነቱ፣ የያዕቆብ ዓይነት ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ለማግኘት ብሎ ያደረገው ነው። ዐይን ብቻ የሚያይ ተመልካች የመጀመሪያውን ነውር፣ ኹለተኛውን ጨዋታ አድርጎ ይቈጥራል። ፊልሙ ግን የተገላቢጦሹን ያሳያል። የሚያስነውረው ቀሚሱ አይደለም፤ የሚያስነውረው የወንድ ልብስ ለብሶ የሚናገረው ውሸት ነው።

ይህም በግልጥ የሚታወቀው በባቡሩ ውስጥ ነው። ሹገር ለጆሴፊን ምስጢሯን ስታዋይ፣ ሳክስፎን የሚነፉ ወንዶች ኹልጊዜ እንደሚያሳዝኗት፣ ገንዘቧን ወስደው እንደሚሄዱ፣ ከእነርሱም ለመሸሽ ብላ ወደ ሴቶቹ ጓድ እንደ ገባች ትነግረዋለች። የምትነግረውም ለማን ነው? ለሳክስፎን ነፊው ለጆ ነው። ጆ እስከዚያ ቀን ድረስ ሴቶችን በዚሁ ዓይነት ሲያታልል የኖረ ሰው ነው። የሠራውን ሥራ ከተበዳይዋ አፍ የሰማው ግን ሴት መስሎ በተቀመጠ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጭምብሉ መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ መስማሚያ ጆሮ ሆነለት። ንስሓ የሚጀምረው የራስን በደል በሌላው አንደበት ከመስማት መሆኑን የነፍስ አባቶች ያውቁታል፤ ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው የድኻው ሰው በግ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል።

ዳሩ ግን ጆ ሰምቶ አልተመለሰም። የሰማውን ነገር ማጥመጃ አደረገው። ሹገር መነጽር የሚያደርግ የዋህ ባለጸጋ እንደምትመኝ ስለ ነገረችው መነጽር አደረገ፤ የሰው መርከብ የራሱ አስመሰለ፤ ሴት መውደድ የተሳነኝ በሽተኛ ነኝ ብሎ ርኅራኄዋን ሰረቀ። ጓደኛው ጄሪ ደግሞ የመርከቡን ባለቤት ሽማግሌውን ኦስጉድን እስኪነጋ ድረስ በጭፈራ ይዞ አቆየለት። ከዚህ በኋላ ገዳዮቹ ወደ ሆቴሉ መጥተው መሸሽ ግድ ሲሆን፣ ጆ በስልክ የውሸት ስንብት አደረገላት፤ ለካሣም ኦስጉድ ለዳፍኒ የሰጠውን የአልማዝ አምባር ሰደደላት። ሹገር ልቧ ተሰብሮ በመድረኩ ላይ ስትዘፍን ባያት ጊዜ ግን ሊሄድ አልቻለም። በሴት ልብሱ እንዳለ በሰው ኹሉ ፊት ወጥቶ ሳማት፤ እርሷም ያን ጊዜ ጆሴፊንና ባለጸጋው አንድ ሰው መሆናቸውን ዐወቀች። ጆ በዚያች ሰዓት ነፍሱን ለገዳዮቹ ገለጠ። በመጀመሪያ ነፍሱን ለማዳን የለበሰውን፣ በመጨረሻ ነፍሱን አሳልፎ በመስጠት አወለቀው። ከቀልዱ ኹሉ በታች ያለው ቁም ነገር ይህ ነው።

የጄሪ ነገር ሌላ ነው። ጆ ኹለቱን ኑሮ እንደ ነጋዴ በሒሳብ ይይዛቸዋል፤ ጄሪ ግን በገባበት ይጠፋል። ሴቶቹን ሲለምድ ወንድ መሆኑን እየረሳ፣ ኦስጉድም አምባር ሲሰጠው በደስታ ሰክሮ ታጭቻለሁ እያለ ሲዘፍን፣ ጆ ወንድ መሆኑን ያስታውሰዋል፤ እርሱም ወንድ ነኝ እያለ ለራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ጃክ ሌመን ይህን ሲጫወት ተመልካቹ በሣቅ ይፈርሳል፤ ነገሩ ግን ያስፈራል። ኹለት እግር አለኝ ተብሎ ኹለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፣ ኹለት ኑሮ የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ የትኛው የራሱ እንደ ሆነ ሊስተው ይችላል። በመጨረሻም ጄሪ ከኦስጉድ ጋር በጀልባ ሆኖ፣ ሊያገባው እንደማይችል ምክንያት ቢደረድርለት ሽማግሌው ኹሉንም ይቅር ይላል። ወንድ መሆኑንም ቢገልጥለት እንኳ፣ ፍጹም የሆነ ሰው የለም ብሎ በደስታ ይመልስለታል። ፊልሙ በዚህ ቃል ያልቃል። ቃሉ ቧልት ነው፤ ነገር ግን ሰው ኹሉ ጭምብል ባደረገበት ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ጊዜ ያልዋሸ ሰው ይህ የሚሣቅበት ሽማግሌ ብቻ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ የደራሲዎቹን ብልሃት ያደንቃል።

ፊልሙ ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ኹለት ነገር ሊወቀስበት ይገባል። አንደኛው፣ ጆ እጅግ በርካሽ ይቅርታ ማግኘቱ ነው። ሹገር ኹለት ጊዜ ተሰረቀች፤ በጆሴፊን ወዳጅነቷ፣ በባለጸጋው ፍቅሯ ተወሰደ። እርሷ ግን አንዲት የቁጣ ቃል ሳትናገር በቢስክሌት ሮጣ ወደ ጀልባው ትመጣለች። ጆ ሳክስፎን ነፊ ነኝ፣ ውሸተኛ ነኝ ብሎ ይናዘዛል፤ ይህም መልካም ነው፤ ተበዳይዋ ግን የምትናገርበት ጊዜ አልተሰጣትም። ኑዛዜ ካለ፣ የተበደለውም ሰው ድምፅ ሊሰማ በተገባ ነበር። ኹለተኛው፣ የሰው ደም ከሣቅ ጋር መቀላቀሉ ነው። ገዳዩ ከልደት ኬክ ውስጥ በመትረየስ ሲወጣ ሰው ይሥቃል፤ በመጀመሪያ ግን የሰባቱ ሰዎች ሞት የእውነት ሞት ስለ ነበረ፣ ሣቁ ከጉሮሮ ላይ ትንሽ ይሻክራል።

ይሁን እንጂ አዘጋጁ ሞትንና ሽሽትን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ሙሴ ዋይልደር በ1906 ዛሬ የፖላንድ በሆነው፣ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ሥር በነበረው አገር ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። በበርሊን ጋዜጠኛና የፊልም ጸሐፊ ሆነው ሲኖሩ፣ ሂትለር በ1933 ሥልጣን በያዘ ጊዜ ወደ ፓሪስ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሸሹ። እናታቸው ግን በናዚዎች እጅ ጠፍተዋል። በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ስም እንጀራ መብላት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው የሠራው ቧልት ስለ ሆነ፣ ከቀልዱ ሥር የሚሰማው ፍርሀት የተፈጠረ አይመስልም። ማሪሊን ሞንሮም ይህ ፊልም ከወጣ በሦስት ዓመት፣ በ1962 በ36 ዓመቷ ሞተች። በፊልሙ ላይ ፈገግ ብላ ኀዘኗን ስትናገር የሚያይ የዛሬ ተመልካች ይህን ሳያስብ አያልፍም።

ስለ አሠራሩ ደግሞ ጥቂት ማለት ይገባል። ፊልሙ ቀለም በነበረበት ዘመን በጥቁርና ነጭ የተነሣው፣ የወንዶቹ የፊት ቅባት በቀለም ሲታይ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ነው። የፍሎሪዳው ሆቴል ሆኖ የሚታየውም በእውነት በካሊፎርኒያ በኮሮናዶ ያለው ሆቴል ነው። እንዲህ ሆኖ፣ ስለ ማስመሰል የተሠራው ፊልም ቦታውና ጥላው ሳይቀር የሚያስመስል ነው። ለአካዳሚው ሽልማት በስድስት ዘርፍ ታጭቶ ያሸነፈው በአንዱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም የልብስ ሽልማት ነበር። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩትም በ2000 ከአገሩ የሣቅ ፊልሞች ኹሉ ቀዳሚውን ስፍራ ሰጥቶታል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ የሚተርፈው ምንድን ነው? በአገራችን ኹለት ኑሮ የሚኖረው ሙዚቀኛ አዲስ አይደለም፤ አዝማሪ ነው። ስሙ ዘመረ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ፣ በቤተ ክርስቲያን ካለው መዘምር ጋር በሥር አንድ ነው፤ በአኗኗር ግን አንዱ ሲከበር አንዱ ይናቅ ነበር። ሰው አዝማሪን እየናቀ ይጠራዋል፤ እየጠራም ይፈራዋል፤ በሰሙ ሲያመሰግን በወርቁ ሊሰድብ ይችላልና። አዝማሪዎች ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የውስጥ ቋንቋም ነበራቸው። ይህ ኹለት ፊት የነበረው ጥበብ በአንድ ወቅት የነፍስ ዋጋ አስከፍሏል። በ1929 ዓመተ ምሕረት ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ዘፈን እያወጡ የሚዞሩትን ሰዎች እንዲያጠፉ ባዘዘ ጊዜ፣ ጠላት የፈራው ማሲንቆውን ሳይሆን ወርቁን ነበር። ጆና ጄሪ ምስክር ስለ ሆኑ ተሳደዱ፤ እነዚያም ምስክር ስለ ሆኑ ተሳደዱ። የእኛዎቹ ግን ብዙዎቹ የሚሸሹበት ባቡር አላገኙም።

በቧልት ቁም ነገር መናገርም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች ተመስሎ የተጻፈውን ኮመዲያቸውን ባሳዩ ጊዜ፣ መኳንንቱ ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ ስላዩ ጨዋታው ተከለከለ። ከታላቁ ሊቅ ከአለቃ ለማ ኃይሉ የተወለዱት አቶ መንግሥቱ ለማም «ጠልፎ በኪሴ» በተባለው ቴያትራቸው የጠለፋን ልማድ በሣቅ ነቅፈዋል። የቤተ ክህነት ትምህርት የቧልት ጠላት እንዳይደለ የእርሳቸው ድርሰት በቂ ምስክር ነው። የአዝማሪውን ኹለት ኑሮ፣ ክብሩንና ውርደቱን፣ ሰሙንና ወርቁን በሲኒማ አስቆም አስለቅሶ የሚያሳይ ሰው ቢነሣ፣ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ከዚህ ፊልምም የሚማረው ቀሚስ ማልበስን አይደለም። የሚማረው፣ ጭምብል የሚያስቀው ሲደረግ ሲሆን፣ ቁም ነገር የሚሆነው ግን ሲወልቅ መሆኑን ነው።

በአሶሳ ምድር የዋዛ ነፊዎች ክብ ሠርተው ሲቆሙ፣ እያንዳንዱ በእጁ ያለችውን አንዲት ድምፅ ያውቃታል። ከእርሷ የበለጠ አይመኝም፤ እርሷንም ለሌላ አይሰጥም። ጆ ሳክስፎኑን ትቶ ለመሸሽ እግሩን ባነሣባት በዚያች ሌሊት ወደ መድረኩ የመለሰው ይኸው ነገር ነው፤ ተራው ደርሶ ነበርና የራሱን ድምፅ ሊያሰማ ተመለሰ። የማታ ማታ እውነት ይረታ እንደሚባለው፣ ዋዛውም ቁም ነገር ሆኖ የተገኘው ያን ጊዜ ነው።